ከሳውናው በር ፊት ዘጠኝ ደቂቃ

እንቅልፍ ካየሁ ሰባት ቀኔ ነው፤ ሰባት ያልኩት ሰው እንዲያምነኝ ብዬ እንጂ ለዓይኖቼስ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መጋረጃውን ዘግቼ ካልሲዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተጋድሜአለሁ፤ የሰኔ ፀሐይ ግን መጋረጃ አታውቅም፣ በዚህ አገር በሰኔ እሷም እንደኔ እንቅልፍ አጥታ ስትዞር ነው የምትከርመው። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ወረቀት አለች። ከዚህ ሆኜ አላያትም፤ እሷ ግን ታየኛለች። የላከቻት የሕንፃችን አስተዳዳሪ ማርኬታ ናት፦ «አቶ ኤንዴል፣ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ የምድር ቤቱ ሳውና የምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተራ የእርስዎ ነው።» አለቀ፣ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስለምናት የኖርኳት ወረቀት ናት፤ በየዓመቱ ማመልከቻ ጽፌአለሁ፣ በየገናው ለማርኬታ ካርድ ልኬአለሁ፣ ውሻዋ የሞተ ጊዜ ከባለቤቷ በላይ አልቅሻለሁ። ከትናንት ወዲያ መጣች፤ ከመጣች ጀምሮ እኔ ይኸው እንደ ተከሳሽ ጣሪያ እያየሁ ነው።

ቱርኩ ከተማ ውስጥ እንደኛ ባለ አሮጌ ሕንፃ የሚኖር ሰው ይህን ነገር ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው፤ እኔ ከባሕር ማዶ ከኢስቶኒያ የመጣሁት ግን በስተርጅና ተማርኩት። ሳውናው፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየጨመርን በእንፋሎት የምንታጠብበት ክፍል፣ አንድ ነው፣ ቤቱ ሃያ ሦስት ነው፣ ምድጃው የሚግለው ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ምሽት ብቻ ነው። ለአንድ ቤት በሳምንት አንድ ሰዓት ትደርሰዋለች፤ ያቺ ሰዓት እስኪለቅ ወይም እስኪሞት የእሱ ናት፣ ተራ ያልደረሰው ደግሞ ስሙን አስመዝግቦ የሌላውን መልቀቅ ወይም መሞት ይጠብቃል። የሰው ተራ ላይ በር አይንኳኳም። ሕንፃው ቢቃጠል እሳት አደጋው ራሱ ቱቦውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ሰዓቱም ሁሉ እኩል አይደለም። በአሥራ አንድ ሰዓት የሚገባው ሰው ድንጋዩን ለሌላው የሚያሞቅ አሽከር ነው። በሦስት ሰዓት የሚገባው የአራት ቤት ሰው ላብ ላይ ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይ ከራሱ ፀጉር ይልቅ የጎረቤቱን ፀጉር ያገኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ድንጋዩ እስከ ልቡ ግሏል፣ እንጨቱ ደርቋል፣ ከአንተ በፊት የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ በጆሮህ በኩል ገብቶ የሞተች አያትህን ይቅር ያስብልሃል።

እኔ ደግሞ እዚህች ከተማ ስገባ የፈለግሁት ምን ነበር? አንድ አልጋ። የግንባታ ሠራተኞች ሆነን አራት ሰዎች አንድ የብረት ሣጥን ቤት ውስጥ እንተኛ ነበር፤ እኔ ከበሩ ሥር ነበርኩ፣ ብርዱ በበሩ ሥር እየገባ ጺሜን ከትራሱ ጋር ያጣብቀው ነበር። ከማሞቂያው አጠገብ ያለችውን አልጋ ባገኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ለራሴ ማልኩ። አገኘኋት። ሁለት ሌሊት ተኛሁ፤ በሦስተኛው የጎኔ ሰው ማንኮራፋቱ ተሰማኝ፣ ለካ እስካሁን ብርዱ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። የብቻ ክፍል ፈለግሁ። ክፍሉን ሳገኝ መስኮት የለውም። መስኮት ሳገኝ ፀሐይ አይገባበትም። ፀሐይ ሲገባ ሰገነት የለውም። ሰገነቱን አግኝቼ የተቀመጥኩ ቀን ከሥር ሰዎች ፎጣ ይዘው ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ አየሁ፣ ሰገነቱም ያኔውኑ አስጠላኝ። የሐሙስ ሦስት ሰዓት ሰጡኝ፤ ደስ ብሎኝ ለእህቴ ደወልኩ። ከዚያ አርብ። ከዚያ የቅዳሜ አንድ ሰዓት፣ ሌላው ሰው አልቅሶ የሚያጣውን። አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ከላዬ አንዲት ደረጃ ብቻ ቀረች፤ እሷ ላይ ደግሞ ታይስቶ ተቀምጧል።

ታይስቶ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤ አርባ ዓመት ከምድር ሠላሳ ሜትር ከፍ ብሎ ብቻውን ስለኖረ ከሰው ጋር ማውራት እንደ ሹራብ የጠበበው ሰው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ድመት እንኳ የለው፤ የቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ግን አለው። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ይከፈታል፣ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። የከተማው ሰዓት በእሱ ቢስተካከል ይሻለው ነበር። «ሙቀቱ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ይበቃል» ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት፣ አምስት መቶ ሰባ ቅዳሜ፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ይበቃል ይበለኝ እንጂ ባለ አሥራ ሁለት ሰዓቱ ምን ቸገረው። እኔ ግን ደረጃ ላይ ሲያስል ሳሉን እቆጥር ነበር። አንድ ክረምት ሳንባው ታምሞ ሁለት ሳምንት ተኛ፤ ሌላ ጎረቤት ቢሆን ሾርባ ይወስድለታል፣ እኔ ወርጄ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ዝርዝር አነበብኩ። ስሜ ከስሙ ቀጥሎ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዝርዝር ማንበብ ወንጀል አይደለም፣ አይደል? አይደለም። ታዲያ ለምን እንደ ሌባ በእግሬ ጫፍ ረገጥኩ?

ያለፈው ቅዳሜ። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ባልዲዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜአለሁ፣ አንድ ሰዓት ሆነ። በሩ አልተከፈተም። አንድ ደቂቃ። ሁለት። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልናገር? ሥጋት አይደለም። ሰዓቴን እየበላብኝ ነው አልኩ። በሦስተኛው ደቂቃ ግራና ቀኝ እግሬን እያፈራረቅሁ ነጠላ ጫማዬን መሬት ላይ መጎተት ጀመርኩ፣ እንዲሰማ። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ከውስጥ ያለውን ሁሉ ያወጣል። በአራተኛው ደቂቃ ድምፅ ሰማሁ፤ ጭልፋው ባልዲውን መታ፣ ጧ። ይኸው፣ አልኩ፣ ሌላ ጭልፋ ውሃ ሊጨምር ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎ አልበቃውም፣ የሰው ሆዳም። ጫማዬን አቆምኩና አዳመጥኩ። ጧ፣ ሁለተኛ። እህ፣ ሁለት ጭልፋ ሆነ። ከጭልፋ በኋላ ድንጋዩ ይጮኻል፤ ውሃው ሲነካው ሺሽሽ ብሎ ሰፈር ያሰማል። ድንጋዩ አልጮኸም። ይህን ሰምቻለሁ፤ አለመስማቱን ሰምቻለሁ። ያኔ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ሐሳብ ከእኔ ቀድሞ መጣ፤ ፎጣውን ይዞ፣ ባልዲውን ይዞ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ መጣ፦ እንግዲያው አሥራ ሁለት ሰዓት የእኔ ነው። ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ ነው የደረሰው፤ ዘግይቶ፣ እያለከለከ። ከዚያም በኋላ አራት ደቂቃ ቆምኩ። የሰው ተራ ላይ በር አይንኳኳም እያልኩ ቆምኩ።

ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላ ከፈትኩት። ታይስቶ ታችኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ቆዳው ሲቀቀል እንደሚቀላው የወንዝ ክሬይፊሽ ቀልቶ፣ ጭልፋው በእጁ፣ ዓይኖቹ ወደ በሩ። ጎትቼ አወጣሁት፤ የእኔ እጥፍ ነው፣ ሳወጣው ክሬኑን አብሬ ያወጣሁ መሰለኝ። አምቡላንስ መጣ። ይተነፍሳል፣ ተርፏል አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ የሕንፃው ሰው ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ይመታል። «አንተ ባትኖር» ይሉኛል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም ሔልካ ራባርብ ከሚሉት ኮምጣጣ ተክል ኬክ ጋግራ አምጥታ በሬ ላይ ቆመች፤ ፈገግታዋ ከኬኩ ይበልጥ ነበር።

«ጀግና ነዎት አቶ ኤንዴል፤ እኔ ብሆን ደንግጬ እሮጥ ነበር።»

«ያው፣ ማንም ያደርገዋል።»

«ማንም አያደርገውም። ይልቅ...» አለች፣ ሳህኑን ሳትለቅልኝ፣ «እርስዎ ወደ አሥራ ሁለት ከወጡ የአንድ ሰዓቷ ተራ ክፍት ትሆናለች ማለት ነው? አራት ዓመት ነው ቅዳሜ የምጠብቀው። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።»

እንዲሁ ለማወቅ ያህል። አየኋት፤ ፊቷ ላይ የራሴን ፊት አየሁ፣ በሊፕስቲክ።

ሐሙስ እህቴ ሳልሜ ደወለች። ኢስቶኒያ፣ ሂዩማ ደሴት ላይ፣ አባታችን በሠራው ቤት፣ ብቻዋን ናት፤ እናታችንን ብቻዋን አስታመመች፣ ብቻዋን ቀበረች፣ እኔ መርከቡ አመለጠኝ አልኩ። መርከብ አላመለጠኝም። ያን ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የመጀመሪያዋ የአንድ ሰዓት ተራዬ ነበረች። ይህን ሳልሜ አታውቅም፤ ወይም ታውቃለች፣ እሷ የምታውቀውን ነገር እንደ ማር ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች እንጂ አትከፍትም።

«ምን አዲስ ነገር አለ አንተ ሽማግሌ?»

«የአሥራ ሁለት ሰዓቷን ተራ ሰጡኝ።»

«ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?»

«አንድ ሰዓት ነዋ። አንድ ሰዓት ሙሉ።»

ሳቀች፤ ስልኩ እጄ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እዚህ የአባባ ሳውና ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከሰኞ እስከ እሑድ ባዶውን ነው። ከፈለግህ ገብተህ ሽበት አብቅልበት፤ ማንም ውጣ አይልህም።»

«እሱማ አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ብታውቅ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የሰው ሰዓት አትጠብቅም ነበር። ለመሆኑ ያ የወደቀው ሰውዬ ማን ነው ያገኘው አልክ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቶሎ ደረስክለት?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ የእናታችን ድምፅ ትዝ አለኝ። የአባባ ሳውና ትንሽ መስኮት አላት፤ እማማ በየአሥር ደቂቃው ከወጥ ቤት ወጥታ በመስኮቷ ትጮኻለች፦ «በሕይወት አላችሁ?» እኛም ከውስጥ «አለን» እንላለን፣ እንስቃለን፣ ታሳፍረናለች። እዚህ ማንም አይጮኽም። እዚህ ሰው ይከበራል። «ደረስኩለት» አልኳት ሳልሜን፤ እሷም «ጥሩ» አለች፣ አንዲት ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

አሁን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፣ እኔ ከአልጋዬ ተነሥቻለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። አልሄድም ብዬ ነበር። ወረቀቷን ቀድጄ፣ ለማርኬታ «አልፈልግም» ብዬ፣ ሆስፒታል ሄጄ ለታይስቶ ሁሉንም ልነግረው፣ ከዚያ በሰኞው መርከብ ወደ ሳልሜ። እንዲህ ነው የወሰንኩት፣ ሰባት ቀን ሳልተኛ። እግሮቼ ግን ፎጣውን ይዘው ደረጃውን እየወረዱ ነው። ታዩልኛላችሁ? ጭንቅላቴ ከላይ አልጋ ላይ ቀርቶ ይጸጸታል፣ እግሮቼ ታች ደርሰው ተራቸውን ሊቀበሉ ነው። በሩን ስከፍተው ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል። ራቁቱን ነው፤ ጉልበቱ ላይ ፎጣ፣ ክንዱ ላይ የሆስፒታል ፕላስተር፣ ጎኑ ምርኩዝ። ታይስቶ።

«ዘግይተሃል» አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ካንድ ደቂቃ ነው።

«እርስዎ... ሐኪም ቤት ያሉ መስሎኝ።»

«ረቡዕ አስወጡኝ። ሳውና ለሦስት ወር እንዳታይ አሉኝ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ለማርኬታ ተራዬን ለኤንዴል ስጪው አልኳት። በተራዬ እንዳልገባ ነው የተከለከልኩት። በተራህ እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት።» ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ደግሞ ሱሪህን ካወለቅህ በኋላ እርስዎ የለም። ና ግባ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካወራው ሁሉ ይበልጥ አወራኝ፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ገባን። እሱ በሩ አጠገብ ታች ተቀመጠ፣ ልክ ያን ዕለት የተቀመጠበት። እኔ ላይ ወጣሁ። ውሃ ጨመረ፣ ድንጋዩ ጮኸ፣ እንፋሎቱ መጣ፤ አዎ፣ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ይህ ነው፣ ከአጥንቴ ውስጥ የሰባት ቀን ብርድ ጠርጎ አወጣው፤ አያቴን ይቅር አልኳት። ሩብ ሰዓት ሙሉ ንጉሥ ሆንኩ። ከዚያ ከሥር ድምፁ መጣ።

«የግራ ጫማህ ያፏጫል።»

«ምን?»

«ነጠላ ጫማህ። የግራው። እዚህ ተቀምጬ እሰማው ነበር። እግሬ እምቢ ብሎኛል፣ ድምፄም የለም፣ እጄ ብቻ ነበረች። ጭልፋውን ባልዲው ላይ መታሁት። ጫማው ቆመ። ደግሜ መታሁት። ያው፣ ጫማው ቆሟል።»

ምድጃው ዘጠና ዲግሪ ነው፣ ጀርባዬ ላይ የወረደው ላብ ግን በረዶ ነው። «ሌላ ጭልፋ የጨመርክ መስሎኝ» አልኩ። «አልበቃውም ብዬ ነው።»

«ድንጋዩ ሳይጮኽ?»

እንጨቱን አየሁ፣ የእንጨቱን ዓይን አየሁ፣ የእንጨቱም ዓይን እኔን አየኝ።

«ስንት ደቂቃ ቆምክ?»

«ዘጠኝ።» አፌ ሲናገረው ሰማሁት። የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም ዘጠኝ ነው የቆጠርኩት» አለ ታይስቶ፣ የተደመረው ቁጥር ልክ እንደወጣለት ሰው። «ለምን ከሰዓቴ እንዳለፍኩ አትጠይቀኝም? በሕይወቴ አንድ ደቂቃ አሳልፌ አላውቅም።»

«ለምን?»

«ያንተን ሰዓት ልቀምስ። ሦስት ደቂቃ ብቻ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንፋሎቱ ገና ቁጡ ነው፣ ፊት ይገርፋል። ወደ አንድ ሰዓት ግድም ይለሰልሳል ብዬ አስብ ነበር። እኔ ስወጣ አንተ ትገባለህ፤ ያ ኢስቶኒያዊ ምርጡን ሊወስድ ነው እያልኩ ደረጃውን እወጣለሁ። ለማርኬታ በየዓመቱ ጥር ወር ላይ ጽፌላታለሁ፣ የኤንዴልን ሰዓት ስጪኝ ብዬ።»

«በየሳምንቱ ይበቃል ስትለኝ አልነበር?»

«ምን ልልህ ኖሯል?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጭልፋውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋዩን እያየ ነው። «ውስጥ አንተ ብትሆን፣ ውጭ እኔ ብሆን» አለ፣ «ስንት ደቂቃ የምቆም ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«ሳምንቱን ሙሉ፣ ሆስፒታልም ቤትም ተኝቼ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። እስከ ሩብ ሰዓት እቆም ነበር።» ያለው ለይቅርታ ይሁን ለማስፈራራት ለይቼ አላወቅሁም፤ ድምፁ ግን የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፣ እሱም ፈርቷል፤ የፈራው ደግሞ እኔን አይደለም። ከዚያ ከሰባት ቀን በኋላ ዓይኔ ተከደነ፤ ለቅጽበት ነው፣ ለቅጽበት መሰለኝ፣ የአባባ ሳውና ውስጥ ነኝ፣ ሳልሜ ከጎኔ ትስቃለች፣ መስኮቷ ክፍት ናት። ስነቃ ግድግዳው ላይ ያለው የሰዓት ቆጣሪ ለአንድ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል ይላል።

«እንውጣ» እላለሁ። «ሙቀቱ ይበቃል።»

«አንዲት ጭልፋ ብቻ» ይላል ታይስቶ። «እስቲ አንድ ሰዓት ሲሆን እንዴት እንደሆነ እንየው፤ ሁለታችንም።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጨምር አልኩት። እኔም እኮ ማየት ፈለግሁ፤ ያለኝን አሥራ ሁለት ሰዓት ይዤ የለቀቅሁትን አንድ ሰዓት ፈለግሁ። ድንጋዩ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ከጣሪያው ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ለስላሳ ነው? ቁጡ ነው? ለየት ያለ ነገር የለውም፤ ያው እንፋሎት ነው። ታይስቶ ለመነሣት ምርኩዙን በእጁ ሲፈልግ አየሁት፤ ምርኩዙ ውጭ ነው። አንዴ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «እግሬ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ይመስል። እኔ ልደግፈው ከላይኛው አግዳሚ እወርዳለሁ፣ ግድግዳው ይዞራል፣ ጉልበቴ የእኔ አይደለም፣ ከሰውየው ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ ከእጄ ሁለት ክንድ ነው። ሁለት ክንድ ከሂዩማ ይርቃል። ልጮኽ አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ያኔ እግር ሰማን። ኮሪደሩ ላይ ጫማ መጣና ቆመ። አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ሔልካ ናት፣ አራት ዓመት የጠበቀቻት የመጀመሪያ ቅዳሜዋ። ፎጣ ታጥፎ ክንዷ ላይ እንዳለ አየሁት፣ በግድግዳው አሳልፌ አየሁት። ጫማዋን ትንሽ መሬት ላይ ጎተተች፣ እንድንሰማ። ታይስቶ አየኝ። ጭልፋውን ከእጁ ወስጄ ባልዲውን መታሁት፣ ጧ። ጫማው ቆመ። ደግሜ መታሁት። ጫማው ያው ቆሟል፤ ተረጋግቶ፣ ጨዋ ሆኖ፣ ተራችንን አክብሮ።

ድንጋዩ አልጮኸም፤ ሔልካ፣ ድንጋዩ እኮ አልጮኸም።